ወንድሜ ታደሰ በጉንጩ ያገኛቸው ቀዳዳዎች

ማክሰኞ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቷል። ጁባ ከተማ፣ «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር ያለው የብስክሌት መጠገኛችን በር ላይ ውሃ ተኝቶ ስለነበር ወንድሜ ታደሰ የተሰባበረ ብሎኬት ደርድሮ ለደንበኛ መረማመጃ ሠራ። ከዚያ ገብቶ፣ እንደ ወትሮው ሌላ ነገር ሳይነካ፣ ማታ ሰቅለናቸው ወዳደርነው ጎማዎች ሄደ። አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ተጫናቸው። ቤታችን አንድ ሕግ አለው። የተጠገነ ጎማ ተሰቅሎ ሳያድር ለባለቤቱ አይሰጥም። እሾህ የበጣው ጎማ ወዲያው ይታወቃል። ቀስ ብሎ የሚያፈስ ግን ቀን ያታልልሃል፣ የሚያጋልጠው ሌሊት ነው።

ሁሉም አየራቸውን ይዘው አድረዋል። የኛቦል የኋላ ጎማ ብቻ ለስልሷል።

«ይቺ ልጅ ሐሙስ ነው የምትበረው» አለ ወንድምጋሼ። በብዙ ዓመት ስለሚበልጠኝ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ወንድምጋሼ ነው የምለው።

ኛቦል ጋምቤላ ያደገች የኑዌር ልጅ ናት። አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል። የተራራ ብስክሌት ትነዳለች፤ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ውጭ ለውድድር ተመርጣ ነበር። መንገዱ ድንጋይና እሾህ ነው ብለዋታል። ያላት ደህና የኋላ ጎማ ያ አንዱ ነው፤ እሱ ደግሞ ማታ ሞልተኸው ጠዋት ለስልሶ ታገኘዋለህ። ሌላ ሁለት ቤት አሠርታዋለች። እኛም አንድ ጊዜ ሠርተነው አልያዘም። ሰኞ ዕለት መጥታ፣

«ጋሽ ታዴ፣ እውነቱን ንገረኝ። የማይሆን ከሆነ ከሰው ለምኜ ልሂድ» ስትለው፣

«ከእኛ ቤት የወጣ ጎማ መንገድ ላይ አይተነፍስም። የራስሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው» አላት።

ወንድምጋሼ ቃል የሚሰጥ ሰው አልነበረም። «እስቲ እናያለን» ነበር ቃሉ። ለእሷ ግን ሰጠ።

የኛቦል ጎማ ቱብለስ የሚባለው ነው፤ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። የውስጥ ጎማ የለውም። ውጭኛው ጎማ ራሱ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ ተቀምጦ አየሩን ይይዛል። ቸርኬው ላይ ሽቦዎቹ የሚታሰሩባቸው ቀዳዳዎች ስላሉ፣ ቀዳዳዎቹ ከላይ በፕላስተር ዙሪያውን ይሸፈናሉ። ከዚያ ጎማው ውስጥ ነጭ ፈሳሽ ይጨመራል። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ወደ ቀዳዳው ሮጦ ይረጋና ይደፍነዋል። እኛ ወተት ነው የምንለው። በጁባ ሙቀት ወተቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ግማሹ ሥራችን ከዚያ የሚመጣ ነው።

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የኛቦልን ጎማ ይዞ ዋለ። የእሱ ሥራ እንዲህ ነው። ጣቱን ውሃ ነክሮ ከዓይኑ ሥር ጉንጩን ያረጥባል። ዓይኑን ይጨፍናል። ጎማውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ቀስ እያለ ያዞራል። ሳሙና አይቀባም፣ ውሃ ውስጥ አይነክርም፤ እነዚያ በኋላ ናቸው። የረጠበ ቆዳ ላይ ትንሿ አየር እንኳ እንደ በረዶ ትቀዘቅዛለች። ጄኔሬተር ከየቤቱ በሚጮህበት ሰፈር ጆሮ ምን ያደርጋል? ይል ነበር።

በራችን ላይ ኒም ዛፉ ሥር የሚቆሙ፣ በሞተር ሰው የሚያመላልሱ የቦዳ ልጆች አሉ። ይህን ባዩ ቁጥር በዐረብኛቸው «አንተ ሐበሻ» ብለው ሳይለክፉት አያልፉም፤ እዚህ አገር ደግሞ ጥሎሽ የሚከፈለው በላም ነው።

«ያ ሐበሺ! ላም ሳትከፍል ነው የምትስማት?»

«ወተቱን የማጠጣት እኔ» አላቸው ዓይኑን ሳይገልጥ። «አባቷ እኔን ነው ላም የሚጠይቀው?»

«እና መቼ ነው የምታገባት?»

«ስታድር።»

ሳቁ። እሱም ሳቀ። ወደ ምሳ ሰዓት ግን ጎማውን አስቀምጦ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠና ግንባሩን ያዘ። ምነው? አልኩት።

«የጾም ራስ ምታት ነው። ስንፈስክ ይለቀኛል።»

ፍልሰታ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ውሃ የለም። የዝናብ ወር ነው፣ ወበቁ ከባድ ነው፣ በዚያ ጾም ራሱን የማያመው ሰው ከእኛ መካከል አልነበረም። እሱም አልተጠራጠረ፣ እኔም አልተጠራጠርኩ። ከሰዓት በኋላ ጎማውን ውሃ በርሜል ውስጥ ነከርነው። በቫልቩ ትይዩ ካለችው አንዲት የሽቦ ቀዳዳ ትናንሽ አረፋ ይወጣል። ፕላስተሩን ገልጠን እዚያው ቀዳዳ ላይ አየን። ምንም የለም። እንደ አዲስ ይመስላል።

«መውጫውን አግኝተናል» አለ። «መግቢያውን አላገኘንም። ነገ።»

ጎማውን መልሶ ሰቀለውና እጁን ታጥቦ ወደምንተኛበት ጓዳ ገባ። ስለ ሥራ የነገረኝ የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው።

ጡረታ የወጡ ሰዎች የሥራ ዘመናቸውን ሲጽፉ አንብቤ አውቃለሁ። የት የት እንደተመደቡ፣ አለቆቻቸው እነማን እንደነበሩ። ወንድሜ ለጡረታ አልደረሰም። ቢደርስም አይጽፍም ነበር፤ እርሳስ ይዞ ያየሁት ቸርኬ ላይ ምልክት ሲያደርግ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ልጻፍለት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ እንጂ ጽሑፍ ልምዴ አይደለም። ወደ ኋላና ወደ ፊት ብል ታገሡኝ።

ሥራ የጀመረው አዳማ መውጫ ላይ የከባድ መኪና ጎሚስታ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እኔ አላየኋቸውም፣ ግን ከወንድምጋሼ አፍ ስማቸው ስለማይጠፋ ያየኋቸው ያህል ነው። በወጣትነታቸው አጠገባቸው ጎማ ፈንድቶ ሁለቱም ጆሮአቸው አይሰማም ነበር። የሚያፈስ ጎማ የሚያገኙት በጉንጫቸው ነው። «ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል ማለት አይደለም» እያሉ በረዳቶቻቸው ላይ ያሾፉ ነበር አሉ። ከረዳቶቹ ሁሉ ጉንጩን የተጠቀመው ወንድምጋሼ ብቻ ነው። ሌሎቹ አፈሩ። የጭቃ ጎማ ወደ ፊትህ ማስጠጋት ያሳፍራል፣ እውነት ነው።

ከዚያ በጭነት መኪና የጎማ ሰው ሆኖ ጁባ መጣ። የመጀመሪያ አለቃው እዚህ ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ የሞተርና የብስክሌት ዕቃ የሚያከፋፍሉ የአገራችን ሰው። ደመወዝ አያዘገዩም። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ሲያመላልሰው እሳቸው ናቸው አብረው የተሰለፉት። ሱቃቸው በር ላይ የቦዳ ጎማ ይጠግን ነበር። ከዚያ ወደ ነጭ ዓባይ ወደቡ ላኩት። በጀልባ የመጣውን ጭነት የሚያነሡ መኪኖች ጎማቸው እዚያው ጭቃው ላይ ይበጣ ስለነበር፣ ወንድምጋሼ ከወዝ አደሮቹ ጋር ፀሐይ ላይ እየዋለ ጎማ ይለውጥ ነበር። ወደቡን አይወደውም። «እዚያ ጎማ አይጠገንም፣ ይቀየራል» ይላል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ና ብሎ የጠራኝ ከወደቡ ወጥቶ ይህን ቤት ሲከፍት ነው።

የተራራ ብስክሌት ያስተዋወቀው ፒተር የሚባል ኬንያዊ መንገድ መሐንዲስ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጀበል ኩጁር ተራራ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን የተነፈሰ ጎማ ይዞ መጣ። የትልቅ መኪና ቱብለስ ወንድምጋሼ ያውቃል። የብስክሌት ግን አይቶ አያውቅም። ጎማውን ሲከፍተው ነጭ ነገር እጁ ላይ ፈሰሰ።

«ሚኪያስ፣ ና እስቲ» አለኝ። «እዚህ ውስጥ ወተት አፍስሰውበታል። የውስጥ ጎማውንም ሰርቀውታል።»

ፒተር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ግን ብሎኬት ላይ ተቀምጦ ሁሉን ነገር አሳየው፣ ፕላስተሩን፣ ቫልቩን፣ ወተቱን። ወንድምጋሼ አንድ ጊዜ ካየ አይበቃውም፤ ፒተር ከሄደ በኋላ ያንኑ ጎማ ፈትቶ ገጠመው፣ ደግሞ ፈታው። በሳምንቱ ፒተር አንዱን ጓደኛውን ይዞ መጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የአገሩ ወጣቶች። ጀበል ግርጌ ያለው፣ ላሎብ የሚባለው ዛፍ እሾህ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ሥራ አሳጥቶን አያውቅም። ዝም ብለው «ሐበሺው ጋ ሂድ» ይባባሉ ነበር፣ ስማችንን የማያውቁት ሁሉ።

አሁን ወደ ውድቀቱ ልምጣ። ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እሱ ራሱ ለመጣው ሁሉ ይናገረው ነበር።

አንድ ሰሞን ወተት ከየትም መምጣት አቆመ። የሚያመጣልን ሰው የለም፣ የሚበር የለም። የደንበኞቻችን ጎማ እየደረቀ ነው። ወንድምጋሼ አስቦ አስቦ ከሰፈሩ ጀርባ የአጥር ቁልቋል አየ። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት እንደሚያፈስ፣ ወተቱም ሲደርቅ እንደ ላስቲክ እንደሚሆን ሐበሻ ሆኖ የማያውቅ አለ? ሰብስቦ ከውሃ ጋር ቀላቀለው፣ አጣራው፣ ጎማ ውስጥ ጨመረው። በምስማር ወጋው። ደፈነ። ያን ቀን የነበረበትን ደስታ መቼም አልረሳውም። «የእኛ ወተት!» እያለ ኒሙ ሥር ላሉት የቦዳ ልጆች ሳይቀር አሳያቸው። እውነትም ይሠራ ነበር። አደረ። ሳምንትም ቆየ።

ግን የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል። ይህንንም ሐበሻ ሆኖ የማያውቅ የለም፤ እናታችን ገና ቁልቋል አጠገብ ስንደርስ «ዓይናችሁን!» እያለች ነው ያሳደገችን። ጎማ ውስጥ የተዘጋ ነው፣ ማንንም አይነካም ብሎ አሰበ። ፒተር ጀበል መንገድ ላይ ጎማውን ትንሽ ለማለስለስ ብሎ ጎንበስ ብሎ ቫልቩን ተጫነው። ወተቱ ፊቱ ላይ ተረጨ።

ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው አይገለጡም፣ ይጮሃል። ወንድምጋሼ የተረጨውን ሲያይ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። የቤታችንን ውሃ በሙሉ ዓይኑ ላይ አፈሰሰው። ወደ ክሊኒክ ስንሄድ እጁን ይዞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የጨመርኩት እኔ ነኝ። የዛፍ ወተት ነው። መርዝ እንደሆነ አውቅ ነበር» አለው። ለሐኪሙም ይህንኑ ነገረው። ዓይኑ እስኪገለጥ ድረስ ወንድምጋሼ ከክሊኒኩ በረንዳ አልተነሣም። ምግብ እየወሰድኩለት አይነካውም ነበር። ፒተር ማየት ሲጀምር መጀመሪያ ያየው እሱን ነው።

«ታዴ» አለው። «ጎማው ግን አየር ይዟል።»

ወንድምጋሼ በቀልዱ አልሳቀም። ከዚያ በየቤቱ እየሄደ ያን ወተት የጨመረባቸውን ጎማዎች ሁሉ ሰበሰበ። ለእያንዳንዱ ባለቤት ምን እንዳደረገ በግልጽ እየነገረ ሰበሰበ። ጓንት አድርጎ አጠባቸው፣ እኔን አላስነካኝም። አንዳንዶቹ ተሳድበው ሄዱ፣ አልተመለሱም። ፒተር ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ወንድምጋሼ አንድ ነገር ጨመረ። ጎማው ተሰቅሎ አድሮ ባለቤቱ ሲመጣ፣ ከማስረከቡ በፊት ፊቱን ቫልቩ ላይ ደፍቶ ራሱ ይከፍተዋል። «በእኔ ፊት ያላለፈ ወደ ሰው ፊት አይሄድም» ይላል። ሰው የሚያየው ጎማ የሚስም ሐበሻ ነው። እኔ ግን ከምን እንደመጣ አውቃለሁ።

ሲያስተምረኝ አይናገርም። እጄን ይዞ የሚያሳየኝም አይደለም። ጎማ ይሰጠኝና ይሄዳል። ሠርቼ ወጣ ብዬ ስመለስ የተሳሳትኩትን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት አገኛለሁ። ያኔ ራሴ ማየት አለብኝ። ፕላስተር ስታለብስ ከቫልቩ ጎን ጀምረህ ዞረህ ቫልቩን አልፈህ ጨርስ። ስትለጥፍ ሳበው እንጂ አታጥፈው። የቫልቩን ዳዶ በጣትህ እሰረው፣ በፒንሳ ካሰርከው ጎሚኒው ይጣመማል። እነዚህን ሁሉ በቃል ነግሮኝ አያውቅም፤ ተፈትተው ጠረጴዛ ላይ አግኝቼ ነው ያወቅኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይለኝ ነበር። «ውሃ በርሜል ውስጥ ስትነክረው አየሩ የሚወጣበትን ያሳይሃል። የሚገባበትን አያሳይህም። አየር ቸርኬው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ሌላ ቦታ ነው የሚወጣው።» ብዙ ጠጋኝ መውጫውን ይደፍናል። አየሩ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ወንድምጋሼ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቤት ዞሮ የመጣ ጎማ እሱ ጋ መጥቶ ሳይዝ የተመለሰ አላስታውስም። ከኛቦል በቀር።

ረቡዕ ጠዋት መነሣት አቃተው። ትኩሳቱ እጄን አቃጠለኝ። እየቀባዠረ ነበር፤ ጋሽ ወርቁን ይጠራል። ከቦዳ ልጆቹ አንዱ ሞተሩን እየነዳ፣ እኔ ከኋላ ደግፌው ክሊኒክ ደረስን። ወባ ነው፣ ወደ አንጎሉ ወጥቷል አሉ። መድኃኒት ሰቀሉለት። ወደ ማታ ላይ ዐረፈ። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

ሐሙስ ጠዋት በራችን ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። መጠገኛው ተዘግቷል። አስከሬኑ ጓዳ ነው ያለው፤ ቀብሩ ከቀትር በፊት እንዲሆን ከቤተ ክርስቲያናችን ጋር ተነጋግረዋል። ጎረቤታችን ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ አልማዝ ሴቶቹን አስተባብረው ሁሉን ነገር ይዘዋል። እኔን ፍራሽ ላይ አስቀምጠውኛል። ሐጂ ኑሩ ከኮንዮ ኮንዮ ማልደው መጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። የቦዳ ልጆቹ ሞተራቸውን አጥፍተው ድንኳኑ ጥግ ቆመዋል፤ ሲቀልዱ ብቻ ነው የማውቃቸው።

ኛቦል መጣች። አልቅሳለች። ፊቴ ቁጭ ብላ እጄን ያዘች።

«ሚኪ፣ ስለ ጎማው እንዳታስብ። ከአንዲት ልጅ ለምኛለሁ። በቀትር ነው የምበረው፤ ቀብሩ ላይ አለመድረሴ ነው የሚቆጨኝ።»

«የማን ጎማ ነው?»

«የአሮጌ ብስክሌት ነው። የውስጥ ጎማ ያለው። ይበቃኛል።»

እንደማይበቃት ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ድንጋይ ላይ የውስጥ ጎማ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይበጣል። ቃሉን ሰጥቷት ነበር። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ቃሉን ሰጥቷት ነበር።

ዝናብ ጣል ጣል ማድረግ ጀመረ። ድንኳኑ አንድ ቦታ አፈሰሰና ሐጂ ኑሩ ትከሻ ላይ ጠብ አለ። ወንዶቹ ተነሥተው ከውስጥ በዱላ ሸራውን እየገፉ ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። አንዱ ቦታ ሲገፉት ሌላ ቦታ ያፈስሳል።

«ተዉት» አሉ ሐጂ። «ከውስጥ ሆናችሁ አታገኙትም። ውጡና ከላይ እዩት።»

ቀና አልኩ። የኛቦልን ጎማም ከውስጥ ነበር ስንፈልግ የቆየነው። ከዚያ ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ እትዬ አልማዝ።

«መጠገኛውን ልከፍት።»

«በስመ አብ! ሚኪያስ፣ ወንድምህ ሳይቀበር? ሰው ምን ይላል? ተቀመጥ የእኔ ልጅ፣ ዛሬ እጅህ ሥራ አይነካም።»

«እትዬ፣ ቃል አለበት።»

ሐጂ ኑሩ ዓይኔን አዩ። ከዚያ በጉልበታቸው ተደግፈው ተነሡ። «ልጁን ተዉት» አሉ። «ቃል ያለበት ሰው ከነቃሉ አይቀበርም።»

በሩን ከፈትኩ። የኛቦልን ጎማ ከተሰቀለበት አወረድኩ። ውጭኛውን ጎማ አወለቅኩና ቸርኬውን አጠብኩ። በቫልቩ ትይዩ አረፋ ያወጣችውን ቀዳዳ አገኘሁና ሽቦዋን ፈታሁ። እኛ ሁልጊዜ አየር የምንሰጠው ከውስጥ ነው፣ መውጫውን ለማየት። አሁን ከመውጫው በኩል ብነፋውስ? አየሩ ቸርኬው ውስጥ ዞሮ በገባበት ይወጣል። ሌሎቹ ቀዳዳዎች በደረቀ ወተት ተደፍነዋል፣ የሚሄድበት ሌላ የለውም። ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ቀዳዳዋ ላይ ገጠምኩ። ኮምፕሬሰሩ ይበረታል፣ ፕላስተሩን ያነሣዋል። የሰው ትንፋሽ ነው የሚፈለገው። ግን አንድ ሰው እየነፋ ሌላው መፈለግ አለበት።

«አምጣው» አሉ ሐጂ ኑሩ። ከኋላዬ ቆመው ነበር። ነጭ ቀሚሳቸውን ሰብስበው የተገለበጠው ሣጥን ላይ ተቀመጡ፣ ቱቦውን አፋቸው ውስጥ አስገቡ።

«ቀስ ብለው፣ ሐጂ። ሳያቋርጡ።»

«ጎማ መንፋት አንተ ታስተምረኛለህ?» አሉና ነፉ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉንጬን ማርጠብ አላስፈለገኝም። ቸርኬውን ወደ ፊቴ አስጠግቼ ማዞር ጀመርኩ። ምንም። ምንም። ሐጂ ትንፋሻቸውን ወስደው እንደገና ነፉ። ከቫልቩ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ማንም በማይፈልግበት ቦታ፣ ከዓይኔ ሥር ቀዝቀዝ አለኝ። ትንሽ ወደ ኋላ መለስኩት። አለ። እንደገና አሳለፍኩት። አለ።

ዓይኔን ስገልጥ እንኳ ወዲያው አላየሁትም። ብርሃን ላይ ሳጋድለው ከፕላስተሩ ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታክል ጭረት አለች፤ በብረት ማውለቂያ የተጫረች። ማን እንደጫራት አላውቅም፤ ሦስት ቤት የዞረ ጎማ ነው።

«አገኘኸው?» አሉ ሐጂ እየተነፈሱ።

«አገኘሁት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ትከሻዬን ያዙኝ።

ሽቦዋን መልሼ አሰርኩ። አሮጌውን ፕላስተር ሙሉ በሙሉ ልጬ ቸርኬውን አደረቅኩ። አዲሱን ከቫልቩ ጎን ጀምሬ እየሳብኩ ዞሬ ቫልቩን አልፌ ጨረስኩ። ዳዶውን በጣቴ አሰርኩት። ጎማውን አለበስኩ፣ ወተቱን ጨመርኩ። የቦዳ ልጆቹ ሳልጠይቃቸው ጄኔሬተሩን አስነሡልኝ። ቱብለስ ጎማ በኮምፕሬሰር ሲሞላ ጠርዙ ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ ይጮሃል። ጧ! አለ። ጧ! ድንኳኑ ውስጥ የሚያለቅሱት ሴቶች ደንግጠው ዞር አሉ። ከልጆቹ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ሐበሺ፣ ሙሽራዋ ተቀመጠች» አለ። ማንም አልሳቀም፤ ግን ሁሉም የት እንደተማርኩት ያውቃሉ።

ዙሪያውን ሳሙና ቀባሁት፣ በበርሜል ነከርኩት። አንድም አረፋ የለም። ፊቴን ቫልቩ ላይ ደፍቼ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ሞላሁት። ከዚያ ወደ ኛቦል ይዤው ሄድኩ።

«አድሯል?» አለችኝ። ሕጋችንን ታውቃለች።

ጎማውን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«አላደረም። ጊዜ የለንም። ዛሬ ማታ እዚያ ስትደርሺ ስቀዪው። ጠዋት በአውራ ጣትሽ ተጫኚው።»

«ለስልሶ ካገኘሁትስ?»

«ደውዪልኝ። በስልክ እያሳየሁሽ እናስተካክለዋለን። ግን መግቢያውን ነው የደፈንኩት፣ ኛቦል። መውጫውን አይደለም።»

ጎማውን ትከሻዋ ላይ አንግታ ድንኳኑን ዞራ ወደ ጓዳው በር ሄደች። ቆማ የሆነ ነገር በራሷ ቋንቋ ተናገረች። ከዚያ ከቦዳ ልጆቹ አንዱ ሞተሩን አስነሥቶ ይዟት ሄደ።

እጄን ታጠብኩ። ወተቱ ግን ከጥፍር ሥር በውሃ አይለቅም፤ ደርቆ ራሱ እስኪላጥ መጠበቅ ነው። እትዬ አልማዝ እጄን አይተው ነጠላውን አመሳቅለው አለበሱኝ። ካህኑ መጥተው ነበር። ሣጥኑን የሚያነሡት ሰዎች ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ከፊት በግራ በኩል ያለውን ሰው ይቅርታ ብዬ ቦታውን ተቀበልኩትና ከወንድሜ ሥር ትከሻዬን አስገባሁ።